የክሮፊሽ ቅቅል ቅመም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሂዩስተን ውስጥ መጋቢት ሲገባ ስልኬ የሚጮኸው ለዚህ ነው፤ በየዓመቱ የምጠየቀውን ከቀላሉ ጀምሬ እነሆ።

የክሮፊሽ ቅቅል ቅመም የሚባለው ምንድን ነው?

ክሮፊሽ መልኩ ሎብስተር፣ ቁመቱ ግን ከመሐል ጣት ብዙም የማይበልጥ የረግረግና የሩዝ ማሳ ፍጥረት ነው። ሉዊዚያና ውስጥ ከጥር እስከ ሰኔ ይገኛል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ደግሞ ይትረፈረፋል። ከነሕይወቱ በጆንያ ይገዛል። ግቢ ውስጥ በትልቅ ድስት ከድንች፣ ከበቆሎ፣ ከቋሊማና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ይቀቀላል። ከዚያ ጋዜጣ የተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል፣ ሁሉም ቆሞ በእጁ ይበላል።

ቅመሙ እንግዲህ ለውሃው ነው። ቀይ በርበሬ (እዚያ ካየን የሚሉት)፣ የሰናፍጭ ፍሬ፣ ድምብላል፣ ቅርንፉድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የዲል ዘር፣ ኦልስፓይስና ቤይ ሊፍ መሠረቱ ናቸው። ከነዚህ ውስጥ ግማሹ እኛም ጓዳ ያለ ነው። ዲል ለማያውቅ፣ የእንስላል የቅርብ ዘመድ ነው። ኦልስፓይስ ደግሞ ቅርንፉድና ቀረፋ የተቀላቀሉ የሚመስል ሽታ ያለው አንድ ፍሬ ነው።

ከሱቅ ስገዛ ከረጢቱን ልያዝ፣ ዱቄቱን ወይስ ፈሳሹን?

ሦስቱም የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ከረጢቱ ያልተፈጨ ቅመም ነው፤ እንደ ሻይ ከረጢት ታስሮ ውሃው ውስጥ ይጣላል። በጣም የታወቀው የዛታራንስ ነው፤ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1889 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የተመሠረተ ነው። ይህ ከረጢት መዓዛ ይሰጣል እንጂ ጨው የለበትም። ይህን የማያውቅ ሰው ከረጢቱን ብቻ ጥሎ አልጫ ክሮፊሽ ይበላና ቅመሙን ይራገማል።

ዱቄቱ ጨው፣ ካየን፣ ፓፕሪካ (ብዙም የማያቃጥል የቀይ በርበሬ ዱቄት)፣ የነጭ ሽንኩርትና የቀይ ሽንኩርት ዱቄት የገባበት ነው። አሜሪካ ውስጥ የእሽግ ምግብ ጀርባ ላይ ይዘቱ የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቃል አንብቡ። ብዙውን ጊዜ «ጨው» ይላል። ይህ ማለት ሌላ ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ውሃውን መቅመስ አለባችሁ።

ፈሳሹ የቅመም ዘይት ነው፣ ትንሿ ጠርሙስ ጉድ ትሠራለች። እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን እንዳትነኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀቅል ሰው ዱቄቱን ዋና ያድርግ፣ አንድ ሁለት ከረጢት ለመዓዛ ይጨምር፣ ፈሳሹን ለሚቀጥለው ዓመት ይተወው።

ቤት ያለኝን የኬጅን (የሉዊዚያና አበሳሰል) ቅመም ብጠቀምስ?

እንደ ቶኒ ሳሸሪ ወይም ስላፕ ያ ማማ ያሉት ቅመሞች ምግብ ላይ የሚነሰነሱ ናቸው። ውሃ ውስጥ ቢገቡ አይጎዱም፣ ግን ጣሳ ሙሉ ጨርሳችሁም የቅቅሉ መዓዛ አይመጣም። ሰናፍጩ፣ ድምብላሉና ዲሉ የሉማ። ለእንቁላልና ለድንች ጥብስ አስቀምጧቸው።

ለአንድ ጆንያ ስንት ቅመም ይበቃል?

አንድ ጆንያ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ፓውንድ ይመዝናል፣ ማለትም ከ14 እስከ 16 ኪሎ። ለዚህ 4 ፓውንድ ገደማ ዱቄት መነሻ ይሆናችኋል። ወደ ሁለት ኪሎ ነው፤ ሰው ሲሰማ ይደነግጣል። ግን ያስታውሱ፣ ቅመሙን የምትበሉት እናንተ አይደላችሁም። አብዛኛው ከውሃው ጋር ይደፋል።

ስንት ሰው ይበላል ለሚለው፣ ለአንድ ሰው ከ3 እስከ 5 ፓውንድ አስቡ። ብዙ ይመስላል፣ ግን ከክሮፊሹ ክብደት ሥጋ የሚሆነው 15 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። የቀረው ቅርፊትና ጭንቅላት ነው። ሐበሻ ጋብዛችሁ ከሆነ ድንቹንና በቆሎውን አብዙት፤ ግማሹ እንግዳ መጀመሪያ ዳር ቆሞ ነው የሚያየው።

ጨውስ? ክሮፊሹንስ በጨው ማጠብ አለብኝ?

ጨው የዚህ ሥራ አውራ ነው። በርበሬው ስም ይዞ ነው እንጂ ክሮፊሹን የሚያጣፍጠው ጨው ነው። በቁጥር ለሚፈልግ፣ ለአንድ ሊትር ውሃ 30 ግራም ገደማ። በምላስ ለሚለካ ደግሞ፣ ክሮፊሹ ከመግባቱ በፊት ውሃውን በጭልፋ ቀድታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ ቅመሱ። ፊታችሁን ካላጨማደዳችሁ ገና ነው። እንደ ሾርባ የሚጣፍጥ ውሃ አልጫ ክሮፊሽ ያወጣል።

በጨው ማጠቡ ግን ልማድ ነው። «ጨው ያስታውከዋል፣ አንጀቱ ይጸዳል» ይባላል። በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ከማጠብ የተሻለ ነገር አያደርግም፣ ብዙ ከቆየ ደግሞ ይገድለዋል። ውሃው እስኪጠራ እጠቡ፣ ጨዋችሁን ለድስቱ ቆጥቡ።

ራሴ ልቀምም ብል ምን ያህል ምን ልጨምር?

ለ10 ፓውንድ (4.5 ኪሎ) ክሮፊሽና ለ12 ሊትር ውሃ የምጠቀመው ይህን ነው። ጨው 350 ግራም፣ ካየን ግማሽ ኩባያ፣ ፓፕሪካ ሩብ ኩባያ፣ የሰናፍጭ ፍሬ ሩብ ኩባያ፣ ያልተፈጨ ድምብላል ሩብ ኩባያ። የዲል ዘር፣ ኦልስፓይስና ቁንዶ በርበሬ እያንዳንዳቸው ሁለት የሾርባ ማንኪያ። ቅርንፉድ አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ የጥርስ ሐኪም ቤት ነው የሚሸተው። ቤይ ሊፍ አሥር ቅጠል። አምስት ራስ ነጭ ሽንኩርት ወገቡ ላይ የተቆረጠ፣ ሦስት ቀይ ሽንኩርት፣ ስድስት ሎሚ።

ፍሬዎቹን ደረቅ ምጣድ ላይ ትንሽ አመስ አድርጉና በሙቀጫ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጓቸው። አትፍጯቸው። ያልተፈጨው ቅመም ቀስ እያለ ነው መዓዛውን የሚለቀው፣ ሲወጣም እጃችሁና ጥርሳችሁ ላይ አይጣበቅም። በነጠላ ጨርቅ አስራችሁ ክተቱት። ካየኑና ፓፕሪካው ግን ቀጥታ ውሃው ውስጥ ይገባሉ።

ይህ መነሻ ነው፣ ሕግ አይደለም። ሁለተኛ ጊዜ ስትቀቅሉ አንዱን ብቻ ቀይሩ። ሁሉን ነገር በአንድ ቀን የቀየረ ሰው የቱ እንዳጣፈጠለት አያውቅም።

ቅመሙ መቼ ነው የሚገባው?

መጀመሪያ። ውሃውን፣ ጨውን፣ ቅመሙን፣ ሽንኩርቱን አንድ ላይ አፍልታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ተዉት። ከዚያ ድንቹ ይገባል። ድንቹ ግማሽ ሲበስል ቋሊማውና ክሮፊሹ። ውሃው እንደገና ከፈላ በኋላ ክሮፊሹ ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈልገው። ከአምስት ካለፈ ሥጋው ቅርፊቱ ላይ ይጣበቅና መላጡ ትግል ይሆናል።

ሎሚው መጨረሻ ላይ፣ እሳቱ ሲጠፋ ቢገባ ይሻላል። ለረጅም ጊዜ የፈላ የሎሚ ልጣጭ ይመራል። ሌላ ማሳሰቢያ፦ ካየኑን ስትጨምሩ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ለነፋሱ ጀርባ ሰጥታችሁ ቁሙ፣ ቤት ውስጥም አትሞክሩት። ሚጥሚጣ ቤት ውስጥ ሲፈጭ ጎረቤት ሁሉ ሲያስነጥስ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

ከላይ አፌን ያቃጥለኛል፣ ሥጋው ግን አልጫ ነው። የት ነው የተሳሳትኩት?

ክሮፊሹን ቶሎ አውጥታችሁታል። ቅመም ሥጋው ውስጥ የሚገባው ሲፈላ አይደለም፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሲዘፈዘፍ ነው። ሦስት ደቂቃ ፍላት፣ ከዚያ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ዝም ብሎ ውሃው ውስጥ መቆየት። አብዛኛው ጀማሪ ይህን ገልብጦ ነው የሚሠራው። ሃያ ደቂቃ ያፈላና ወዲያው ያወጣል። ውጤቱ እንደ ጎማ የጠነከረ አልጫ ሥጋ ነው።

እሳቱን እንዳጠፋችሁ የቀዘቀዘ ነገር ጨምሩበት። እኔ የበረዶ በቆሎ ነው የምከተው፤ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ። ውሃው በረድ ሲል መብሰሉ ይቆማል፣ ክሮፊሹም ውስጡ የነበረው እንፋሎት ሲቀዘቅዝ በምትኩ ውሃውን ይስባል። መጀመሪያ ላይ የሚንሳፈፉት ቀስ በቀስ ወደ ታች መስጠም ይጀምራሉ። ምልክቱ እሱ ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ አንድ አውጥታችሁ ቅመሱ፣ በየአምስት ደቂቃውም ድገሙት። «ለመቅመስ» እየተባለ አንድ ሳህን ክሮፊሽ የሚጨርስ ሰው በየግቢው አይጠፋም።

ወሩንም አትርሱ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቅርፊቱ ስስ ነው፣ ሩብ ሰዓት ሊበቃው ይችላል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቅርፊቱ ይደድራል፣ ግማሽ ሰዓትም ያንሰዋል። ባለፈው ወር ያዋጣችሁ ሰዓት በዚህኛው ላያዋጣ ይችላል።

ከተቀቀለ በኋላ ከላይ ቅመም መነስነስ ነውር ነው?

ማንን እንደምትጠይቁ ይወሰናል። የሉዊዚያና ሰው «ውሃህን በደንብ ያልቀመምክ ነህ» ብሎ ይስቅባችኋል። ቴክሳስ ውስጥ ግን ብዙ ቦታ እየነሰነሱ ነው የሚያቀርቡት። እኔ የሉዊዚያናውን ወገን ነኝ። ዱቄቱ የሚቀረው ቅርፊቱና ጣታችሁ ላይ ነው፤ ከንፈር ያቃጥላል፣ ሥጋው ጋ አይደርስም። ጭንቅላቱን የሚመጥ ሰው ካለ ደግሞ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል፤ በደንብ የተዘፈዘፈው ክሮፊሽ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ቢጫ ስብና ጭማቂ ራሱ ወጥ ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እዚህ ያለው ሁሉ ኦልድ ቤይ ነው፣ በሱ ልቀቅል?

ሲልቨር ስፕሪንግና እዚያው አጠገብ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ካሉ ወዳጆቼ ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል። ኦልድ ቤይ የባልቲሞር ልጅ ነው። ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ የመጣው ጉስታቭ ብሩን እ.ኤ.አ. በ1939 እዚያ ነው የቀመመው። የሴለሪ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቀይ በርበሬና ፓፕሪካ ጎልተው ይሰማሉ። የተሠራውም ለክራብ (ሸርጣን) ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ክራብ በእንፋሎት ይበስላል፣ ቅመሙም ላዩ ላይ በወፍራሙ ይለጠፋል።

ስለዚህ መዓዛው ጥሩ ነው፣ ለውሃ ግን ኃይል ያንሰዋል። ካለው ዱቄት ላይ ተጨማሪ ጨውና ካየን፣ እንዲሁም ሰናፍጭና ድምብላል ብትጨምሩበት ይሆናል። ሉዊዚያና ሄዳችሁ ግን እንዳትናገሩ።

ስዊድን ያለችው እህቴ ክሮፊሽ በእንስላል ነው የሚቀቀለው ትላለች። እውነት ነው?

እውነቷን ነው፤ እንስላል ያለችው ዲሉን ነው። እዚያ የክሮፊሽ ግብዣ የኦገስት ነው። ውሃው ውስጥ የሚገባው ጨው፣ ትንሽ ስኳር፣ አንዳንዴ ቢራና ያበበ ዲል ነው። በርበሬ የለም። ተቀቅሎ በዚያው ውሃ ውስጥ ያድርና ቀዝቅዞ ይበላል። ቅመሙ ሌላ ይሁን እንጂ መዘፍዘፉ ላይ ከሉዊዚያና ጋር ይስማማሉ፣ እንዲያውም ይብሳሉ።

ውሃው ላይ የኛን በርበሬ ብጨምርበትስ?

ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ሐበሻ የለም። እኔም ጠይቄ አላቆምኩም፣ አደረግሁት። የመጀመሪያው ዓመት ላይ እናቴ የላከችልኝን በርበሬ ግማሽ ኪሎ ድስቱ ውስጥ ገለበጥኩት። ውሃው እንደ ቀይ ጭቃ ወፈረ። ታች የተቀመጠው አረረ። ክሮፊሹ ላይ ደለል የመሰለ ነገር ተለጠፈበት። ሽታው የወጥ መጀመሪያ ሆኖ ቀረ፤ ጥሬ ጥሬ የሚል፣ ማንም ሊያጎርሳችሁ የማይፈልገው ደረጃ ላይ ያለ። ያ ሁሉ በርበሬ፣ ያ ሁሉ የእናት ልፋት፣ ሣሩ ላይ ተደፋ። ሣሩም ሞተ፣ ወደሱ እመጣለሁ።

ምክንያቱን ወጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በርበሬያችን ቁሌት ይፈልጋል። ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ጊዜ። የሚያቃጥለው ነገር ራሱ ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፣ በቅባት ውስጥ ነው የሚፈታው። የደቀቀ ስለሆነም እንደ ድምብላል ፍሬ በጨርቅ ታስሮ አይወጣም። በዚያ ላይ ብዙው በርበሬ ጨው ገብቶበታል፤ የውሃው ጨው መቁጠሪያ ይጠፋባችኋል።

በርበሬውን ከወደዳችሁ ለብቻው ሥሩት። ቀይ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ቁሉ፣ ዘይት፣ ከዚያ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ከቅቅሉ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል። መጨረሻ ላይ ቅቤ። የወጣውን ክሮፊሽ በዚህ ስልስ አሹት። አዋዜ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በጠጅ ወይም በአረቄ ተለውሶ ያደረ አዋዜ ካላችሁ በሳህን ዳር አስቀምጡት፣ የላጡትን እየነከሩ ይብሉ።

ሚጥሚጣስ?

እዚህ ላይ ነው ጨዋታው። ሚጥሚጣ ከመጀመሪያውም ሳይበስል እንዲበላ የተቀመመ ነው። ክትፎ ላይ ምን እንደሚያደርግ አስቡ፤ ለብ ያለ ንጥር ቅቤ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ። ክሮፊሽም የሚፈልገው ልክ ይህን ነው።

ሐሳቡን ያገኘሁት ከቬትናሞች ነው። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ካበቃ በኋላ ብዙ ቬትናሞች ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ መጡ። ቆይተው ሂዩስተን ውስጥ የራሳቸውን ስልት አወጡ፤ እንደ ሉዊዚያና ቀቅለው፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርት በበዛበት ቅቤ ያሹታል። ቤልኤር ጎዳና ላይ ብትሄዱ ፕላስቲክ ጓንት አጥልቆ ቅቤ በክርኑ የሚንጠባጠብ ሰው ታያላችሁ። መጀመሪያ የበላሁ ቀን «ይሄማ ክትፎ ቤት ነው» አልኩ።

ለ5 ፓውንድ የተቀቀለ ክሮፊሽ፦ 200 ግራም ንጥር ቅቤ በቀስታ አቅልጡ። አንድ ራስ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ፣ ሳይቀላ መዓዛው ሲወጣ እሳቱን አጥፉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሚጥሚጣ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። ክሮፊሹን በሰፊ ጎድጓዳ ሳህን አድርጋችሁ ከላይ አፍስሱና ክዳን ደፍታችሁ አናውጡት። ጨው አትጨምሩ፣ ሚጥሚጣውም ውሃውም አላቸው። ቅቅሉን ራሱን ግን አታስታጉሉ፤ በደንብ ያልተዘፈዘፈ ክሮፊሽን ቅቤ አያድነውም።

ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላ ውሃው ውስጥ ይሄዳሉ?

ኮረሪማ በጣም። አራት አምስት ፍሬ ሰንጥቃችሁ ከኦልስፓይሱ ጋር እሰሩት። ዝንጅብልና ጦስኝም ይስማማሉ። ጥቁር አዝሙድ ውሃ ውስጥ ጠፍቶ ነው የሚቀረው። በሶብላ ቅቤው ውስጥ ካለ ይበቃል። አብሽ ግን እባካችሁ።

ጨው በዛ፣ ወይም ማንም ሊበላው እስከማይችል አቃጠለ። ይድናል?

ገና ከክሮፊሹ በፊት ከሆነ ቀላል ነው። ግማሹን ውሃ ቀንሳችሁ ንጹሕ ውሃ ጨምሩ። «ድንች ጨው ይመጣል» የሚባለውን አትመኑ። ድንቹ ጨዋማ ውሃ ጠጥቶ ራሱ ጨዋማ ይሆናል፤ የቀረው ውሃ ጨዋማነቱ ያው ነው።

ክሮፊሹ ገብቶ ከሆነ መፍትሔው ሰዓቱ ነው። መዘፍዘፉን አሳጥሩ፣ ቶሎ አውጡ። ከወጣ በኋላ ያቃጠለውን ደግሞ ሳይነሰነስበት በቅቤና በሎሚ አሹት። ለሚያለቅሱት ውሃ ሳይሆን እርጎ ወይም ወተት ስጡ። በቆሎውን፣ በተለይ ደግሞ እንጉዳይና ብሮኮሊ ከጨመራችሁ፣ አስጠንቅቁ። እንደ ስፖንጅ ነው የሚመጡት፤ ከክሮፊሹ ይልቅ ሰው የሚያስለቅሰው የዋህ የሚመስለው ብሮኮሊ ነው።

ልጆችም ጀግኖችም አሉኝ። በአንድ ድስት ሁለቱን እንዴት ላስተናግድ?

ሁለት ዙር ቀቅሉ። የመጀመሪያውን በጨው፣ በከረጢት ቅመምና በትንሽ ካየን። እሱ ለልጆች ይወጣል። ከዚያ እዚያው ውሃ ላይ ካየኑን ወይም ፈሳሹን ጨምራችሁ ሁለተኛውን። መቀነስ አይቻልም፣ መጨመር ግን ሁሌም ይቻላል። በአንድ ዙር ብቻ ካላችሁ ውሃውን ለስላሳ አድርጉና ሚጥሚጣ ቅቤውን በሳህን ለየብቻ አቅርቡ።

ለሁለተኛው ጆንያ አዲስ ቅመም ያስፈልጋል? ውሃውንስ በኋላ የት ልድፋ?

ውሃው አይደፋም፣ ይጨመርበታል። የመጀመሪያውን ቅመም ግማሽ ያህል ጨምራችሁ፣ የጎደለውን ውሃ ሞልታችሁ፣ ቅመሱ። ሦስተኛ ዙር ላይ ግን ውሃው መጠቆርና መጉሸት ይጀምራል፤ ያኔ አዲስ ጀምሩ።

መድፋቱን በተመለከተ፣ ሣር ላይ አይሆንም። ጨዉ ሣሩን ይገድለዋል። የኔ ግቢ ላይ ያን ዓመት የወጣው ክብ መላጣ ዳግም አረንጓዴ እስኪሆን ከርሟል። የቤቱ አከራይ እስካሁን ያነሳብኛል።

በፆም ወይም በሃይማኖት ምክንያት ክሮፊሽ የማይበሉ እንግዶች አሉኝ። ምን ላድርግ?

ቅድሚያ ነገሩን እንወቅ። ሉዊዚያና ውስጥ ክሮፊሽ የዐቢይ ጾም ምግብ ነው፤ ካቶሊኮቹ ዓርብ ሥጋ ስለማይበሉ ስቅለት ትልቁ የክሮፊሽ ቀን ሆኗል። እኛ ጋ ሁለት ክልከላ ተደራርቦ ነው የሚመጣው። ሁዳዴ በወቅቱ መሐል ላይ ይውላል። ከጾሙ ውጭም ቢሆን ዘሌዋውያን 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት ስለሚከለክል ብዙ ኦርቶዶክስ አይነካውም። ያ «ቅርፊት» የዓሣ ቅርፊት ነው፣ የክሮፊሹ ልባስ አይቆጠርም። ለቤተ እስራኤላውያንም ያው ነው። ሙስሊም እንግዶች መካከል በሻፊዒ መዝሀብ ያለ የባሕርና የውሃ ፍጥረትን ሊፈቅድ ይችላል፣ ሐነፊ ግን ከዓሣ ውጭ ያለውን አይፈቅድም። ጠይቁ እንጂ አትገምቱ። ለራሳችሁ ከሆነ ደግሞ የንስሐ አባታችሁ ከኔ የተሻለ መልስ አላቸው። ሽሪምፕ መፍትሔ አይሆንም፤ በዘሌዋውያን ሕጉ ያው ነው። ካትፊሽም ቅርፊት የለውም፣ ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል።

ቅመሙ ግን ለማንም አልተከለከለም። ሁለተኛ ንጹሕ ድስት ጣዱ። ያንኑ ጨውና ቅመም፣ ድንች፣ በቆሎ፣ እንጉዳይ፣ አበባ ጎመን፣ ሙሉ ነጭ ሽንኩርት፣ ከነልጣጩ ኦቾሎኒ። ለማሻው ቅቤን ትታችሁ በነጭ ሽንኩርት የሞቀ ዘይትና ሚጥሚጣ። ጾም ካልሆነ የዶሮ እግር በዚህ ውሃ ግሩም ይሆናል። ቋሊማ ላይ ተጠንቀቁ፤ እዚያ የተለመደው አንዱዊ ብዙውን ጊዜ የአሳማ ነው፣ የበሬ ወይም የተርኪ ግዙ። ጭልፋውና ወንፊቱም ይለይ። ይህ ለሃይማኖት ብቻ አይደለም፣ ለክሮፊሽና ለሽሪምፕ አለርጂ ያለበት ሰው ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው የተነከረ ጭልፋ ራሱ ሆስፒታል ሊያደርሰው ይችላል።

የፆሙን ድስት ደግሞ መጀመሪያ አውጡት፤ ክሮፊሹ ሲዘፈዘፍ ሰው ሁሉ ርቦት ነው የሚጠብቀው፣ ፆመኞቹ እየበሉ ሌላው ሲያይ ማየት የራሱ ደስታ አለው።